አስጎብኚያችን ስልክ አያነሳም፣ ጁገል በር ላይ ቆመናል! እባካችሁ ቶሎ

የከዚራዋ
ሰላም ወገን፣ አስቸኳይ ነው። ሐረር ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ ልንጎበኝ ከድሬዳዋ የመጣን 38 ተማሪዎች ነን። የተነጋገርነው አስጎብኚ ከጠዋት ጀምሮ አያነሳም ነበር፣ አሁን ጭራሽ ስልኩን ዘጋው። አውቶቡሱ አውርዶን ሄዷል፣ 9 ሰዓት ላይ ነው የሚመለሰው። የክፍል ተጠሪ እኔ ስለሆንኩ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። መምህራችን የሰጡን ወረቀት አምስቱ በሮች፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት፣ የራስ ተፈሪ ቤት፣ መኪና ግርግር ይላል። የስልኬ ካርታ ደግሞ ሰማያዊዋን ነጥብ ከቤት ጣሪያ ጣሪያ ያዘልላታል። በሩ ላይ ነን፣ ከየት እንጀምር?

ኤረር ማዶ
የትኛው በር?

የከዚራዋ
በሩ ነዋ! የግንቡ። ፊት ለፊቱ ገበያ አለ፣ ሴቶች አትክልት ይሸጣሉ።

ኤረር ማዶ
እህቴ፣ ሸዋ በርም ገበያ አለው፣ ኤረር በርም ገበያ አለው። አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ በምሥራቅ ነው። መናኸሪያው ቅርባችሁ ከሆነ ሸዋ በር ናችሁ።

ጡረተኛው ቲቸር
ልጆች፣ ታሪኩን ሳያውቁ መዞር እግር ማድከም ነው። ግንቡን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን። በሮቹ ሸዋ፣ ቡዳ፣ ሰንጋ፣ ኤረር እና ፈላና ናቸው። ሐረሪዎቹ የራሳቸው ስም አላቸው፣ ለምሳሌ ሸዋ በርን አስመዲን በሪ ይሉታል። መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ የተከፈተ ነው፣ ከአምስቱ አይቆጠርም። ተማሪ ሁሌ እዚህች ላይ ነው ነጥብ የሚጥለው። ግንቡ ውስጥ ያለው መሬት 48 ሄክታር ቢሆን ነው፣ መስጊዱ ግን 82! ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገበው ዝም ብሎ አይደለም። ይህንን በደብተራችሁ ጻፉ።

የከዚራዋ
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ግን አሁን ፀሐይ ላይ ነን።

ወራባ
አቦ እስከ ማታ ቆዩ። ፈላና በር ብትሄዱ ጅቦቹ ራሳቸው ያስጎበኟችኋል፣ ስልክም አይዘጉም 😂

ሻይ በቀረፋ
አስጎብኚ ለምን አስፈለገ? ደግሞ የራምቦ ቤት የሚባለው እኮ የራምቦ አይደለም። ሰውዬው ሐረር የገባው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1880 ነው፣ በ1891 ታሞ ሄዶ እዚያው አገሩ ሞተ። ያንን ቤት የሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። መምህራችሁን ጠይቁልኝ።

የከዚራዋ
የማንም ይሁን፣ ወረቀቱ ላይ አለ። ፎቶ ካልተነሳን ውጤት የለም።

የጁገል ልጅ
አብሽሩ፣ ስሙኝ። ከሸዋ በር ሰፋ ያለውን መንገድ ይዛችሁ ግቡ፣ ቀጭኗ መንገድ አታታላችሁ። ፈረስ መጋላ ያደርሳችኋል፣ መሃል አደባባዩ ማለት ነው፣ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያለበት። እዚያ ባጅ ያንጠለጠሉ አስጎብኚዎች አይጠፉም፣ ዋጋ ግን ሳትገቡ ጨርሱ። ከዚያ ቁልቁል በመኪና ግርግር ወደ ጊድር መጋላ፣ ወደ ትልቁ ገበያ፣ ውረዱ። የራምቦ ቤትና የራስ ተፈሪ ቤት ጎን ለጎን ናቸው ማለት ይቻላል፣ ሁለተኛው አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ነው። ከምሳ በፊት ድረሱ፣ ከ7 ሰዓት በኋላ በርጫ ነው፣ ማንንም አታገኙም። ከጠፋችሁ ሰፊ መንገድ ፈልጋችሁ ዳገቱን ውጡ፣ ዞሮ ዞሮ ፈረስ መጋላ ነው። አምስቱንም በር በአንድ ቀን በእግር ከ38 ሰው ጋር? እርሱት። ሁለቱን በደንብ እዩ፣ ሰው ፎቶ ስታነሱ ደግሞ አስፈቅዱ።

ናፍቆት 07
ፈረስ መጋላ ሂዱ፣ እዚያ አስጎብኚ አለ።

ኤረር ማዶ
ተብሏል እኮ።

የከዚራዋ
ፈረስ መጋላ ደርሰናል! አስጎብኚ አገኘን ግን ለ38 ሰው የጠራው ዋጋ ያስደነግጣል፣ እየተከራከርን ነው። ግማሾቹ ሳምቡሳ ሊገዙ ጠፉብኝ። መኪና ግርግር የትኛው ነው? መኪና የበዛበት መንገድ ስንፈልግ ግማሽ ሰዓት አቃጠልን።

የጁገል ልጅ
😂😂 የልብስ ስፌት መኪና ነው እንጂ! ልብስ ሰፊዎቹ በየደጃፉ ተደርድረው የሚሰፉበት መንገድ ነው። ግርግር ያለው የመኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጆሯችሁን ተከተሉ።

የከዚራዋ
ኧረ ወላሂ ይሰማል! አንድ ሽማግሌ የጓደኛዬን የተቀደደ ቦርሳ ተቀብለው እየሰፉላት ነው፣ እግራቸው ፔዳሉ ላይ፣ ዓይናቸው እኛ ላይ። ባትሪ 4 ፐርሰንት

ጡረተኛው ቲቸር
ሙዚየሙ ውስጥ የቆዩ ሳንቲሞችና የእጅ ጽሑፎች አሉ። ሳታዩ እንዳትወጡ። አስጎብኚውስ ስንት አላችሁ?

ወራባ
ሳምቡሳ ሊገዙ የሄዱት ተገኙ?

ሻይ በቀረፋ
9 ሰዓት አለፈ። አውቶቡሱ የት በር ነው የሚጠብቃቸው? ነግረዋታል?

ኤረር ማዶ
በሩ ላይ 😂