ጥቆማ፦ ባለ ስድስት እግር ፒካፕ ለባሕር ዳር ይሆናል? የት ይቆማል? ጎማውንስ ማን ይሠራዋል?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወንድሜ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጨረታ ላይ ትልቅ ፎርድ ፒካፕ አይቻለሁ። ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጥንድ ጎማ ያለው ነው። አንተ እንዲህ ያለውን እንደምትነዳ ሰምቻለሁ። ለየዕለት ሥራ ይሆናል? የት ታቆመዋለህ?» አለኝ። መልሴ ረዘመ። ሌላም የሚያስብ ሰው ካለ ብዬ እዚህ አወጣሁት።

እኔ የምነዳው ኤፍ 350 ነው። ሮቶ፣ ቆርቆሮና ሴራሚክ አመላልስበታለሁ። አራት ዓመት ሞላኝ። የሰፈራችን ልጆች «ባለ ስድስት እግሩ» ይሉታል። እወደዋለሁ። ግን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ግዛ አልልም።

መጀመሪያ ልኩን እንነጋገር። ከአፍንጫው እስከ ጭራው 6.7 ሜትር ገደማ ነው። ይሄ ብዙ አያስጨንቅም፤ ርዝመት ይታያል። የሚያስጨንቀው ዳሌው ነው። ጋቢናው 2 ሜትር አካባቢ ነው። የኋላ ፓራፋንጎው ጋ ስትደርስ 2.4 ሜትር ይሆናል። በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አንተ ከተቀመጥክበት ወጣ ብሎ ይሄዳል ማለት ነው። ስፖኪዮው ሲዘረጋ ደግሞ 2.7 ሜትር ይጠጋል። የባጃጅ ወርድ 1.3 ሜትር ነው። ስለዚህ ይሄን መኪና መንዳት ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን አስሮ እንደመንዳት ነው። ሁለት ባጃጅ በማይተላለፉበት ቅያስ አትግባ። (ባጃጆቹ ራሳቸው ይገባሉ። የእነሱ ጉዳይ ሌላ ነው።)

አንድ ሕግ አለችኝ። ስፖኪዮ ካለፈ ዳሌ ያልፋል። ግን ይህቺ ሕግ የምትሠራው ቀጥ ብለህ ስትሄድ ነው። ስትታጠፍ የኋላ እግሩ ወደ ውስጥ ቆርጦ ይገባል። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ የሚነክሰው ያኔ ነው። ስፖኪዮ አጥፈህ ከገባህ ደግሞ ሕጓ ፈረሰች፤ መለኪያህን ኪስህ ከተትከው ማለት ነው። እኔ በሁለቱም ስፖኪዮ ላይ ትንሿን ክብ መስታወት ለጥፌ ወደ ኋላ ጎማ አዙሬያታለሁ። ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ርካሹም ጠቃሚውም እሷ ናት። የኋላ ካሜራም ገጥሜ ነበር። ክረምት ላይ ጭቃ ሸፈነው፣ በጋ ላይ አቧራ። ከጀርባህ ያለውን ግድግዳ ያሳይሃል እንጂ ዳሌህን አያሳይህም። ገንዘብህን ለመስታወቷ ስጥ።

የባሕር ዳርን ሳይክል ሳልጠቅስ አላልፍም። ሌላ ከተማ ሳይክል ካየህ ልጅ ነው ትላለህ። እዚህ መምህሩም፣ ተማሪውም፣ ዳቦ ሻጩም ሳይክል ላይ ነው። በቀኝህ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ፍሬቻህን አይቶም ላያይ ይችላል። ስፖኪዮው ደግሞ ልክ በሳይክለኛ ጭንቅላት ከፍታ ነው። ከፔዳ (ከዩኒቨርሲቲው ግቢ) ወደ መሀል ከተማ በተማሪ መውጫ ሰዓት ስነዳ ወደ ቀኝ የምታጠፈው መጨረሻ ላይ፣ ሁለት ጊዜ አይቼ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ስወጣ ግን ትከሻዬ ይወርዳል። ወርዱ 43 ሜትር ነው፣ ሳይክሉም እግረኛውም የራሱ መንገድ አለው። የእኔ መኪና ትንሽ የሚመስልበት ብቸኛው ቦታ እሱ ነው።

አሁን ወደ ማቆሚያው።

ቀን ቀን መንገድ ዳር ስታቆም የሚያስተናግዱህ የፓርኪንግ ልጆች ናቸው። ጎበዞች ናቸው፤ ግን የለመዱት ቪትዝና ሚኒባስ ነው። «ና ና ና ና» እያለ የሚጠራህ ልጅ የሚያየው የኋላ ፓራውልትህን ነው። ዳሌህን ማንም አያይልህም። ስለዚህ ገና ስትደርስ መስኮት ዝቅ አድርገህ «ወንድሜ፣ ግራ የኋላ ጎማው ጋ ቁምልኝ» በለው። ሌላው፣ የቦይ ክዳን ላይ አትቁም። አንዳንዱ ክዳን ተሰንጥቋል። ጥንዱ ጎማ ከነጭነቱ ሲያርፍበት ሰብሮት ይገባል። ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ጠዋት ከሆነ ቦታ አይጠፋም። እሁድ ከሰዓት በሰርግ ወቅት ግን መኪናውን ቤት ትተኸው በእግርህ ሂድ።

የሐይቅ ዳር ሆቴሎችና መዝናኛዎች ግቢ ከመንገድ ይሻላል፣ ጥበቃ አለው። ግን ዓሣ ከማዘዝህ በፊት በሩን እይ። በሩ 3 ሜትር ሆኖ መንገዱ ጠባብ ከሆነ አትገባም፤ ለመታጠፍ ቦታ ያስፈልግሃል። መኪናው እንጨት እንደጫነች የዘጌ ታንኳ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ያምራል፣ አዙረው ስትለው ጊዜ ይፈልጋል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ዘበኛው ኮድ 3 ሰሌዳህን አይቶ «ጭነት አይገባም» ይልሃል። አትከራከር። ባዶ መሆኑን አሳየው፤ ካልሆነ ሌላ ቤት ዓሣ አለ።

ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ይዘኸው አትግባ። ይሄን ስል ተቃጥዬ ነው። ዳር አቁመህ ዕቃውን በጋሪ አስወጣ። የጋሪው ሂሳብ ከፓራፋንጎ ሥራ ይረክሳል።

ለሌሊት ሦስት ነገር ሞክሬያለሁ። አንደኛው ማደያ ግቢ ነው። ብርሃን አለው፣ ሰው አይጠፋም። ግን የናፍጣ ሰልፍ በተነሳ ቀን ጠዋት መውጫ ታጣለህ፤ እኔ አንድ ጊዜ እስከ አራት ሰዓት ታግቼ አውቃለሁ። ሁለተኛው ከከተማ መውጫ ላይ አይሱዙዎችና ሲኖዎች የሚያድሩበት ሜዳ ነው። ቦታው ሰፊ ነው፣ ሾፌሮቹም ጥሩ ጨዋታ አላቸው። ግን ከሜዳው እስከ ቤትህ በባጃጅ ስትመላለስ ወር ሳይሞላ ይሰለችሃል። ሦስተኛው ግቢ በወር መከራየት ነው። እኔ አሁን ሽምብጥ በኩል ነው የማሳድረው። በሩ በሐዲድ ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው። ይሄን አስተውል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ባለ ሁለት ክንፍ በር ከሆነ ክንፉ ራሱ ቦታ ይበላል። ዘበኛው ትልቅ ሰው ናቸው፣ አያ ነው የምላቸው። ማታ ስገባ ባትሪያቸውን ግድግዳው ላይ ሳይሆን ጎማዬ ላይ ያበራሉ። ማንም አላስተማራቸውም። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው።

ጎማ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ።

የዚህ መኪና ትልቁ ጠላት የውስጠኛው ጎማ ነው። አይታይም። ንፋሱ ቢወጣም ጎረቤቱ ስለሚሸከመው መኪናው አያዘነብልም። ዋናው ችግር እሱ ነው፤ ነጠላ ጎማ ቢሆን ወዲያው ታውቃለህ። አምና ከዘንዘልማ ሴራሚክ ጭኜ ስመለስ የጎማ ሽታ ሸተተኝ። የፊት መኪና ነው ብዬ አለፍኩ። የእኔ ነበር። የውስጠኛው ለስንት ቀን ባዶውን እንደሄደ እንጃ። ግድግዳው ነዶ ተበላ፤ የውጪውም የሁለት ሰው ሸክም ሲሸከም ከርሞ አብሮት አለቀ። ከዚያ በፊት የሠራልኝ ጎሚስታ የውስጠኛውን የንፋስ መሙያ አፍ ከውጪው ጋር በአንድ ጎን ገጥሞት ኖሯል። እጅ አይገባም። እኔም አይገባም ብዬ መለካት ትቼው ነበር። ጥፋቱ የእኩል ነው።

ስለዚህ ጎሚስታ ስትመርጥ ባጃጅና ቪትዝ የሚሠራው ጋ አትሂድ። የከተማው መውጫ ላይ አይሱዙ የሚሰለፍበት ጋ ሂድ። አይሱዙም ከኋላ ጥንድ ስለሆነ ነገሩን ያውቁታል። ከባድ ክሪክና ረጅም መፍቻ አላቸው። ጥሩ ጎሚስታ ሁለቱን የንፋስ አፎች በአንድ ጎን ሳይሆን በተቃራኒ ጎን ያደርጋቸዋል። ሁለቱን ጎማዎች አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ ቁመታቸውን ያስተያያል። አዲስና አሮጌ ካጣመረልህ ረጅሙ ሸክሙን ብቻውን ይወስዳል፣ ይግላል። ሥራው ሲያልቅ በሁለቱ መሀል እጅህን አስገባ፤ ጭነት ሲበዛ ከሚሳሳሙ ጎማዎች አንዱ ይቀደዳል። በመፍቻ መታ አድርጎ «ሙሉ ነው» የሚልህን ረዳት ደግሞ አትመን። ድምፅ ግማሽ የወጣውን አይለይም። መለኪያ ያዝ። ልኩ ሾፌር በር ላይ ተለጥፏል።

የጎማውን ጎን ማንበብም ልመድ። የእኔ ላይ 120/116 ይላል። የመጀመሪያው ጎማው ነጠላ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥንድ ሲሆን የሚችለውን ክብደት የሚያመለክት ኮድ ነው፦ 1,400 ኪሎና 1,250 ኪሎ። ጥንድ ሲሆን እያንዳንዱ ጎማ ትንሽ ይቀነስለታል። ብዙ ሰው በግልባጩ ነው የሚያስበው። አራቱ ሲደመሩ ግን 5,000 ኪሎ ነው፤ ነጠላ ቢሆን ሁለቱ 2,800። ይሄ የጎማው አቅም ነው፣ የመኪናው አይደለም። 50 ኩንታል ይጭናል ብለህ ባሌስትራውን እንዳትሰብር።

ለውስጠኛው የንፋስ አፍ ማስረዘሚያ ትገዛለህ። ሁለት ዓይነት አለ፦ እንደ ቱቦ የሚተጣጠፍና ድርቅ ያለ ብረት። የሚተጣጠፈው ለመግጠም ቀላል ነው። ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ግን ጫፉ ይላላል፤ እኔ ሁለት ጊዜ አፈሰሰብኝ። ብረቱን ውሰድ። ከገጠምከው በኋላ ምራቅ ቀብተህ አረፋ መኖሩን እይ፤ የድሮ ዘዴ ነው፣ አይዋሽም። ቡሎንም ከተፈታ በኋላ አንድ 150 ኪሎ ሜትር ነድተህ እንደገና ይጠበቅ። ወደ ጎንደር እየሄድክ ከሆነ አዲስ ዘመን ላይ ሻይ እየጠጣህ አንድ ጊዜ፣ ጎንደር ስትገባ ደግሞ አንድ ጊዜ እሰር።

ላቫጆ ላይ አጭር ነገር። ከፍ ባለ የሲሚንቶ መደብ ላይ አውጥተው የሚያጥቡበት ቦታ ለእኛ አይሆንም። መደቡ የተሠራው ለነጠላ ጎማ ነው፣ የውጪው ጎማችን አየር ላይ ይንጠለጠላል። መሬት ላይ የሚያጥቡትን ምረጥ። በጥንዱ መሀል ውኃውን በኃይል እንዲለቁ ንገራቸው፤ የተሰነቀረ ድንጋይም ካለ ያኔ ይታያል። ሐይቁ ዳር አውርዶ ማጠብን ግን እንተወው። ጣና እምቦጩ አንሶት ዘይት አይጨመርለትም።

ክረምት ደግሞ ዋልካ አለ። ጥንድ ጎማ ለጭቃ የሚጠቅም ይመስላል። ባዶ ሲሆን አይጠቅምም። ሸክሙ በአራት ጎማ ተበትኖ አንዱም መሬቱን አይነክስም። ዋልካው በመሀል ሞልቶ ሁለቱን አንድ ለስላሳ ጎማ ያደርጋቸዋል። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ባዶ ስሄድ ከኋላ እግሩ በላይ አራት ጆንያ አሸዋ አስቀምጣለሁ። አስፋልት ላይም ዝናብ ሲወርድ ልዩነቱ ይታወቃል።

እንግዲህ ይግዛው ወይስ አይግዛው? የዕለት ጭነትህ ከ10 ኩንታል የማይበልጥ ከሆነ ነጠላ ጎማ ፒካፕ ይበቃሃል፤ ሃይሉክስ እንደ ልብህ ይታጠፋል። በየቀኑ ብዙ የምትጭን ከሆነ አይሱዙ ኤንፒአር ይሻላል። ሾፌሩ የፊት ጎማው ላይ ስለሚቀመጥ ጠባብ ቦታ ላይ በቀላሉ ይዞራል፤ መለዋወጫውም የትም ሱቅ አለ። የእኔን መኪና አንድ ዕቃ አዲስ አበባ አፈላልጌ ሳጣ ከውጭ አዝዤ ወር ጠብቄያለሁ። ባለ ስድስት እግሩ የሚያዋጣው ተጎታች ለሚጎትት፣ ወይም ከባድ ጭኖ ረጅም መንገድ ለሚሄድና አምስት ሰው ጋቢና ውስጥ ለሚያስቀምጥ ነው። እኔ ለምን እንደያዝኩት ባለቤቴም ትጠይቀኛለች።

ተጨማሪ፦ ከታች ለጠየቃችሁኝ።

እህቴ፣ ስለ ናይለንና ራዲያል ጎማ ላልሽው፦ በአንድ እግር ላይ አታደባልቂ። ከዚያ በኋላ ለረጅም አስፋልት ራዲያሉ ይሻላል፣ ሙቀቱ ያነሰ ነው። ድንጋያማ ገጠር ብቻ ከሆነ የምትሠሪው ናይለኑ አይከፋም።

ጋሼ፣ እርስዎ የጠየቁት የክሪክ ነገር ትክክል ነው። አብሮት የመጣው ከነጭነቱ ሲያነሳው ያቃስታል። ባለ 10 ቶን የጠርሙስ ክሪክና ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ ይያዙ። ያለ ጣውላው ዋልካ ውስጥ ክሪኩ ይሰምጣል እንጂ መኪናው አይነሳም።

ለጠየቅከኝ ወንድሜ፦ ጨረታው ሳያልፍህ ሄደህ የቤትህን በር ለካ። እኔ መቀመጫዬ ሥር ገመድ አለኝ፣ 2.4 እና 2.7 ሜትር ላይ ተቋጥሯል። እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከተማው ሳይነቃ ና፣ መኪናው ባዶ ነው። አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ግራ የኋላ ጎማው ጋ እቆማለሁ።