አስቸኳይ፦ ማስፋፊያውን ገዝቼ «ሌላ ምርት ያስፈልጋል» ይለኛል፤ አፄ ምኒልክም የሉም

የጦሳ ልጅ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሦስት ጓደኞቼ እኔ ቤት ይመጣሉ፤ አንዱ ከኮምቦልቻ፣ ሁለቱ ከሐይቅ። ሲቪላይዜሽን 6 የሚባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ከነማስፋፊያው (በዋናው ጨዋታ ላይ የሚጨመር፣ ለብቻው የሚሸጥ ክፍል) እናስጀምራለን ብዬ ቃል ከገባሁ ሳምንት አልፎኛል። እህቴ ከዱባይ ጋዘሪንግ ስቶርም የተባለውን ማስፋፊያ ቁልፍ (የማንቂያ ኮድ) ከአንድ የቁልፍ መሸጫ ድረ ገጽ ገዝታ ላከችልኝ። ቁልፉን ስቲም በሚባለው የጨዋታ መደብር ላይ ሳስገባው «ይህን ለማንቃት አስቀድሞ ሌላ ምርት ሊኖርዎት ይገባል» የሚል መልእክት ያወጣል። ጨዋታው እኮ አለኝ! አሁን ራሱ ከፍቼው እየሠራ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ከመሪዎቹ ዝርዝር ውስጥም አፄ ምኒልክ የሉም። ሻጩ አጭበርብሮን ነው? ፎቶ አንሥቼ ከታች አያይዣለሁ። 10 ሰዓት ሊሆን ነው፤ የሰፈራችን መብራት ደግሞ ሲመሽ አይታመንም። ፍጠኑልኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራው። የእኔም እንዲሁ ሆኖ በማጥፋትና በማብራት ተስተካክሏል።

የጦሳ ልጅ
አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

በረካ (ባቲ)
አብሽር ወንድሜ! ችግሩ ያለው ቡናው ላይ ነው። በእኛ አገር ቡና ተጠራህ ማለት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተህ፣ ተመርቀህ ትወጣለህ ማለት ነው። እነዚህ ጨዋታ ሠሪዎች ግን አቦሉን፣ ዋናውን ጨዋታ ማለቴ ነው፣ በፈረንጅ 2016 ቀዱልህ፤ ቶናውን በ2018 አስከፈሉህ፤ በረካውን በ2019። ስኒህን አስረክበህ ልትነሣ ስትል በ2020 «የዕጣኑ ሒሳብ ቀርቷል» አሉህ። ደግሞስ የውጫሌ ውል በተፈረመበት አገር ተቀምጠህ ምኒልክን ከዱባይ ታስመጣለህ?

አሮጌ ዲስክ (ደሴ፣ ፒያሳ)
ወጣቱ፣ ተረጋጋ። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ነገሩ ከየት እንደ መጣ ብታውቅ ይጠቅምሃል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 በ1999 ሲወጣ በካርቶን ነበር። በ2000 ዘ ኮንከረርስ የተባለው ማስፋፊያ በሌላ ካርቶን መጣ። ሁለት ካርቶን፣ ሁለት ዋጋ። በ2001 ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው «ጎልድ ኤዲሽን» አሉት። በመጀመሪያው ቀን የሮጠው ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ የታገሠው አንድ ጊዜ። የዚህ ንግድ ሥርዓት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ካርቶኑ መጥፋቱ ብቻ ነው። እዚህ ፒያሳ አንድ ሲዲ የሚቀዳ ልጅ ነበረ፤ ሁለቱንም በአንድ ሲዲ ላይ ጭኖ፣ ስሙን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፎ ይሰጠን ነበር። ሲዲው ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ መዝለል ይጀምራል።

ካርቶኑ ሲቀር ማስፋፊያው በዛ። ክሩሴደር ኪንግስ 2 በ2012 ወጣ፤ ማስፋፊያዎቹ ከመብዛታቸው የተነሣ በ2019 ዋናውን ጨዋታ በነፃ ለቀቁት፤ ማስፋፊያዎቹ ግን በዋጋ ቀሩ። ያው ኩባንያ በ2021 ለዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ማስፋፊያዎች ወርኃዊ ኪራይ አመጣ። ኪራይ ነው የምልህ! የገዛኸው ሳይሆን የተከራየኸው ጦርነት።

የሃርትስ ኦፍ አይረን 4ን ነገር ደግሞ የደሴ ሰው ይስማኝ። ጨዋታው የሚጀምረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 ነው። ያን ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ የት ነበሩ? እዚሁ ደሴ። ከተማዋ በአውሮፕላን ከተደበደበች ገና ወር አልሞላትም፤ ድብደባው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ጨዋታው በ2016 ወጥቶ ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ የውሳኔ መንገድ ያገኘችው በ2022 ባይ ብለድ አሎን በተባለው ማስፋፊያ ነው፤ ያውም በተጨማሪ ክፍያ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከማንኛውም ትንሽ አገር ጋር አንድ ዓይነት ልብስ ለብሳ ቆየች። እኔ ይህን ይቅር አልልም።

የጦሳ ልጅ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን 10 ሰዓት ከ20 ሆኗል።

ሐይቅ ዳር
ዋናውን ጨዋታ ከየት ነው ያገኘኸው?

ላስታ (ላሊበላ)
እኔ የማልስማማው ከጥያቄው ጋር ነው። ጋዘሪንግ ስቶርም ውስጥ አፄ ምኒልክን እንድታገኝ ማን ነገረህ? የ2018ቱ ራይዝ ኤንድ ፎል ስምንት ሥልጣኔ አለው፤ የ2019ኙ ጋዘሪንግ ስቶርምም ስምንት። ኢትዮጵያ በሁለቱም ውስጥ የለችም። የመጣችው በሐምሌ 2020 በራሷ ትንሽ ጥቅል ነው፤ ጥቅሏ ኒው ፍሮንቲየር ፓስ ከሚባሉት ስድስቱ አንዷ ናት። ስለዚህ ቁልፉ ቢሠራልህም ዛሬ ማታ ምኒልክን አታገኛቸውም። ሻጩን ሌባ ከማለትህ በፊት የገዛኸውን ነገር ስም አንብብ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ በዚያ ጨዋታ ከቋጥኝ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ትሠራለች፤ የሚሠራውም ኮረብታ ላይ ነው። ምኒልክም ከተማቸውን ኮረብታ ላይ ከቆረቆሩ ይጠቀማሉ፤ ወታደሮቻቸውም ኮረብታ ላይ ይበረታሉ። ወሎን ሳያዩ አልሠሩትም ብዬ አምናለሁ።

በረካ (ባቲ)
እኛ ባቲዎች ቆላ ነን፤ በዚህ ስሌት ልንሸነፍ ነው።

ወልድያ 33
ለምን ራስህን ታደክማለህ? ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን ግዛ። ኢትዮጵያውያን በ2015 ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ በሚባል ማስፋፊያ ለብቻ ይሸጡ ነበር፤ በ2019 ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን ሲወጣ ግን ከዋናው ጨዋታ ጋር አብረው ገቡ። አንድ ጊዜ ትከፍላለህ፣ ሾተል የያዘ ጦረኛ ታገኛለህ፤ የዮዲት ዘመቻም አለ። ከዚያ ወዲያ የወጡትን ማስፋፊያዎች ካልፈለግህ አትገዛም።

ላስታ (ላሊበላ)
ዮዲትን ለላሊበላ ሰው ታስተዋውቃለህ? ተወኝ።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
የጨዋታው ፋይሎች ተሟልተው እንደሆነ የሚያረጋግጥ ትእዛዝ አለ፤ እሱን ተጫን። ሲጨርስ አጥፍተህ አብራው።

የጦሳ ልጅ
ሐይቅ ዳር፣ ወንድሜ፣ ከየት እንደ መጣ ምን ለውጥ ያመጣል? ታላቅ ወንድሜ በኮሮና ጊዜ በነፃ ሲሰጥ ያወረደው ነው። ኮምፒውተሩን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ሕጋዊ ነው፤ የተሰረቀ አይደለም።

ሐይቅ ዳር
«እህቴ» በለኝ። ለውጥ ያመጣል፤ ያውም ሁሉንም።

በመጀመሪያ ግን ያያያዝከውን ፎቶ አሁኑኑ አጥፋ። ከማስጠንቀቂያው በላይ ቁልፉ ከነፊደሉ ይነበባል። ከአንድ ሰዓት በላይ እዚህ ተሰቅሎ ቆይቷል።

አጥፍተኸዋል ብዬ ልቀጥል። በኮሮና ጊዜ በነፃ የተሰጠው ግንቦት 2012 ዓ.ም. ላይ ነው፤ የሰጠውም ኤፒክ የሚባለው ሌላ የጨዋታ መደብር ነው፤ ስቲም አይደለም። ጨዋታው አንድ ቢሆንም መደብሮቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሌላውን መዝገብ አያይም። ስቲም «ሌላ ምርት ያስፈልጋል» ሲልህ «በእኔ መዝገብ ዋናው ጨዋታ በስምህ የለም» ማለቱ ነው። ኮምፒውተርህ ላይ ተጭኖ መሥራቱን አይቆጥርልህም። የስቲም ማስፋፊያ በኤፒክ ጨዋታ ላይ አይገጥምም፤ ብታጠፋው ብታበራውም አይገጥምም።

ደግ ወሬም አለ። ስቲም ቁልፉን ስላልተቀበለው ቁልፉ አልተቃጠለም። ዋናውን ጨዋታ ስቲም ላይ ባገኘህ ቀን ይሠራል። ዋናው ጨዋታ መደበኛ ዋጋው 60 ዶላር ገደማ ቢሆንም በቅናሽ ጊዜ ከ10 ዶላር በታች ይወርዳል። እንዲያውም ዋናውን በርካሽ ወይም በነፃ የሚሰጡት ማስፋፊያውን ለመሸጥ ነው፤ በረካ በቡናው የቀለደው ቁም ነገር ነበር።

እህትህ ለሻጩ ትጻፍና ቁልፉ እንዳልተነቃ ገልጻ ገንዘቧን ትጠይቅ። ስቲም ላይ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች የተጫወትከውን መመለስ ይቻላል የሚባለው ከስቲም በቀጥታ ለተገዛ ነው፤ ከሌላ ቦታ ለመጣ ቁልፍ አይሠራም። ስለዚህ ጉዳዩ በሻጩና በእርሷ መካከል ነው።

አሮጌ ዲስክ (ደሴ፣ ፒያሳ)
እኔም ወደዚሁ እየመጣሁ ነበር።

የጦሳ ልጅ
እህቴ፣ ይቅርታ። ፎቶውን አጥፍቻለሁ። ታዲያ ሁሉንም የያዘውን ጥቅል ብገዛስ? አንቶሎጂ የሚባል አየሁ። ጋዘሪንግ ስቶርምን ሁለት ጊዜ መክፈሌ አይደለም?

ሐይቅ ዳር
በጥቅሉ ዓይነት ይወሰናል። ስቲም ላይ ሁለት ዓይነት ጥቅል አለ። አንደኛው ቀደም ብሎ የገዛኸውን አይቶ ዋጋውን ይቀንስልሃል፤ የቀረውን ብቻ በጥቅሉ ቅናሽ ትከፍላለህ። ሁለተኛው እንደ አንድ ዕቃ የታሰረ ነው፤ ግማሹ ቢኖርህም ሙሉውን ያስከፍልሃል። ከመክፈልህ በፊት ገጹን በራስህ ስም ገብተህ እየው፤ የገዛኸው ነገር ዋጋ ተቀንሶ ካልታየህ ሁለተኛው ነው።

አንቶሎጂ ራሱ የ2021 ነው፤ ሁለቱን ማስፋፊያዎችና ኒው ፍሮንቲየር ፓስን ይዟል፤ ምኒልክ እዚያ አሉ። ፕላቲነም የሚባለውን እንዳትገዛ፤ እሱ የ2019 ስለሆነ ኢትዮጵያ የለችበትም። ስሙ ስለሚያምር ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሌላም አለ፦ ጋዘሪንግ ስቶርም የራይዝ ኤንድ ፎልን ሥርዓቶች፣ አገረ ገዥዎችንና የከተሞችን ታማኝነት፣ ጨምሮ ይዟል፤ ሥልጣኔዎቹንና መሪዎቹን ግን አልያዘም። አንዱን ገዝቶ ሌላውን ያገኘ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ምኒልክን ብቻ ከፈለግህ ደግሞ ማስፋፊያ ጨርሶ አያስፈልግህም። የኢትዮጵያን ትንሽ ጥቅል ብቻዋን ኤፒክ ላይ ግዛ፤ ወንድምህ ባወረደው ጨዋታ ላይ ትገጥማለች።

በረካ (ባቲ)
ከአራቱ የቀሩት ሦስቱ ጓደኞቹስ? በመረብ ሲጫወቱ ሁሉም መግዛት አለባቸው እንዴ?

አሮጌ ዲስክ (ደሴ፣ ፒያሳ)
በዚህ ጨዋታ አዎ፣ ማስፋፊያውን ሁሉም ሊኖራቸው ይገባል። በእነ ሃርትስ ኦፍ አይረን ግን ጨዋታውን የሚያስተናግደው አንዱ ሰው ማስፋፊያው ካለው ለሌሎቹም ይበቃል። ወንበር ያለው ቤት እንግዳውን እንደሚያስቀምጥ ማለት ነው። ስለ ኪራዩ የተናገርኩት እንዳለ ሆኖ፣ በዚህስ አመሰግናቸዋለሁ።

ሐይቅ ዳር
ለዛሬ ማታ በመረብ አታስብ። ስቲም ላይ ዋናውን ብትገዛ እንኳ ከ10 ጊጋባይት በላይ ማውረድ ነው፤ እስከ 2 ሰዓት አይደርስልህም። ያለህን ጨዋታ ክፈትና ከብዙ ተጫዋች ምርጫ ውስጥ ሆት ሲት የሚለውን ምረጥ። አራታችሁም በአንድ ኮምፒውተር፣ ተራ በተራ። ሌላው ሲጫወት ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ማስፋፊያም ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ወልድያ 33
ወይም ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2።

የጦሳ ልጅ
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኮምቦልቻው ልጅ ደርሷል፤ ዳቦ ይዞ ነው የመጣው። አሁን ሆት ሲቱን እየፈለግኩ ነው። አገኘሁት መሰለኝ፤ ውጤቱን ማታ እጽፍ

በረካ (ባቲ)
«እጽፍ» ብሎ ቀረ። መብራቱ ሄደ ማለት ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
ሲመጣ ያብራው።

ላስታ (ላሊበላ)
አራት ቀን ሆነ። የጦሳ ልጅ፣ ምን ሆናችሁ? ማን አሸነፈ?

እንግዳ (ዱባይ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ እህቱ ነኝ፤ የአክስታችን ልጅ ናት ይህን ገጽ የላከችልኝ። ሐይቅ ዳር የምትባይው እህቴ እንደ መከርሽው ለሻጩ ጽፌ ነበር። ትናንት መልስ ሰጡኝ፦ ቁልፉ ባለፈው ማክሰኞ ማታ ጥቅም ላይ ውሏል፣ ስለዚህ ገንዘብ አንመልስም ይላሉ። ወንድሜ ስልክ አያነሣም፤ እናታችን ደህና ነው፣ እንቅልፍ አጥቶ ከኮምፒውተሩ ጋር ነው ያለው ትለኛለች። ዋናውን ጨዋታ ገዝቶ ቁልፉን ያነቃው እሱ ከሆነ ምንም አይደለም፣ ይጫወትበት። ግን በፎቶው ላይ ቁልፉን ያያችሁ እናንተም ነበራችሁና፣ ከእናንተ አንዳችሁ ወስዳችሁት ከሆነ በአላህ ተናገሩ፣ አልቆጣም።

ወልድያ 33
እኔ ጨዋታውን እንኳ አልወደውም።

በረካ (ባቲ)
እትዬ፣ እኔ የማውቀው ቡናውን ብቻ ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)
እኔም አጥፍቼ ከማብራት በቀር ምንም አላደረግኩም።