መነጽሩን ወደዱት፣ ትምህርቱ ግን አልያዝ አላቸው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

ባለፈው ወር 3 ያገለገሉ የቪአር መነጽሮች (ሲያደርጓቸው በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም ውስጥ የገቡ ያህል የሚያሳዩ) አገኘን። ተማሪዎቹ ልብ ውስጥ ገብተው ደም ሲዘዋወር ያያሉ። ደስታቸውን ብታዩ! ሁልጊዜ ኋላ ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታ የምትቀመጥ ልጅ አለች። እጇን ዘርግታ ቀይ የደም ሕዋስ ልትይዝ ስትሞክር እንባዬ መጣ።

በማግስቱ ጠየቅኳቸው። ከሳንባ የተመለሰው ደም መጀመሪያ የሚገባው የትኛው የልብ ክፍል ነው? ዝም። ያቺው ልጅ፣ "ቲቸር፣ በጣም ቀይ ነበር" አለችኝ።

ለካ የእኛ ብቻ አይደለም። ፓሮንግ እና ሜየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ስለ ሰውነት ሕዋሳት በቪአር የተማሩት በተራ ስላይድ ከተማሩት የበለጠ ፍላጎት አሳዩ። የፈተና ውጤታቸው ግን አነሰ። መሃል ላይ እያቆሙ ያዩትን በራሳቸው ቃል አሳጥረው የጻፉት ሳያቆሙ ካዩት ተሻሉ።

እኔም ሞከርኩት። ግን ተማሪው 56 ነው! አንዱ አውልቆ መጻፍ ሲጀምር ቀጣዩ "ተራዬ ነው" ይላል። ጽሑፉ ሁለት መስመር ላይ ይቀራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጅ የለም።

እባካችሁ፣ በትልቅ ክፍል የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ተራ የሚጠብቁትን ምን ታሠሯቸዋላችሁ? ከመጻፍ ይልቅ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያዩትን ቢነጋገሩስ ይሠራል? ሰኞ ኩላሊትን እጀምራለሁ።