ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ከወሰዱ በኋላ የእንቅርት ናሙና «አጠራጣሪ» ቢባል ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ ለረጅም ዘመን እንቅርት ነበረባት፤ ዕጢው (ታይሮይድ) ከመጠን በላይ ሆርሞን ያመነጭ ስለነበር በ2013 ዓ.ም. ሕንድ አገር ሄዳ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ወስዳለች። ዘንድሮ በአንገቷ ቀኝ በኩል እብጠት ጎልቶ ስለታየን በአልትራሳውንድ ስትታይ 1.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኖጁል (በዕጢው ውስጥ ያለ ጉብታ) ተገኘ፤ በመርፌም ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ «ኒውክለሳቸው የተለቀና የጠቆረ፣ መጠናቸው የተለያየ ሴሎች፤ ምድብ 3» ይላል። ከዘመድ አዝማዱ አንዱ ካንሰር ነው ሲል፣ ሌላው በቶሎ ኦፕራሲዮን ትሁን ይላል። የወሰደችው መድኃኒት ሴሎቹን እንዲህ ሊለውጣቸው ይችላል?

ፓቶሎጂስት፣ ከአዲስ አበባ፦
አዎ፣ ይችላል። አዮዲን 131 በታይሮይድ ሴሎች ውስጥ ተጠራቅሞ ጨረሩን በቅርብ ርቀት ይለቃል። ኃይሉ በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከጉዳቱ የተረፉት ሴሎች ግን ለዓመታት መልካቸው እንደተዛባ ሊቆይ ይችላል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንዱ ኒውክለስ (የሴሉ እምብርት) ከጎረቤቱ በእጥፍና ከዚያም በላይ ተልቆ፣ ጠቁሮና ደብዝዞ ይገኛል፤ ሆኖም የሴሉ አካልም አብሮ ስለሚሰፋ የሁለቱ ምጣኔ ብዙም አይናጋም፤ እንዲህ ያሉት ሴሎችም በጤነኞቹ መካከል ተበታትነው ይታያሉ። በፓፒላሪ ካንሰር (አንድ የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት) ግን ኒውክለሶቹ የገረጡና የተደራረቡ ናቸው፤ በመካከላቸው ስንጥቅ መሰል መስመር ይታያል፤ ይህም መልክ በናሙናው ውስጥ በብዛት ይደጋገማል። ይህን ጨረር አደረገው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለመሆኑ በናሙና መላኪያው ቅጽ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦
«ሴት፣ 58 ዓመት፣ የአንገት እብጠት» ብቻ ነው። ስለ አዮዲኑ የተጻፈ ነገር የለም።

ፓቶሎጂስት፣ ከአዲስ አበባ፦
እንግዲያው ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ስላይዱን (ናሙናው የተቀባበትን መስታወት) ያነበበው ባለሙያ ጨረሩን ሳያውቅ ከዚህ የተለየ ነገር ይጽፋል ብዬ አልጠብቅም። እንደገና ከመወጋቷ በፊት ሕክምናው የተሰጠበትን ጊዜና መጠን የሚያሳየውን የሐኪም ደብዳቤ ይዘሽ ስላይዱ ዳግም እንዲነበብ ጠይቂ። ቀለም የተቀባ ስላይድ በቀላሉ የሚበላሽ ስላልሆነ ለሌላ ፓቶሎጂስትም ሊላክ ይችላል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ከኮምቦልቻ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የአዮዲኑ ታሪክ መዘናጊያ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። በ2023 እ.ኤ.አ. በታደሰው የቤተስዳ አመዳደብ (የታይሮይድ የመርፌ ናሙና ውጤትን በ6 ምድብ የሚከፍል መለያ) ምድብ 3፣ ማለትም ካንሰር መሆን አለመሆናቸው ያልለየ፣ ከተባሉት ኖጁሎች ካንሰር የሚገኝባቸው በአማካይ 22 በመቶ ያህል ናቸው፤ ይህ አኃዝ ግን በአብዛኛው ጨረር ካልወሰዱ ሰዎች የተገኘ ስለሆነ ለእናትሽ እንዳለ አይወሰድም። ስለዚህ አልትራሳውንዱ ሚዛን ይደፋል፦ ኖጁሉ ጠርዙ የተዛባ፣ ከጎኑ ይልቅ ቁመቱ የረዘመ ወይም ነጫጭ የካልሲየም ነጠብጣቦች ያሉበት ከሆነ የስላይዱ ዳግም ንባብ ቢያረጋጋም ክትትሉ አይላላም። ቲኤስኤችም (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) በደሟ ይለካ፤ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ኖጁሉ ራሱ ሆርሞን አመንጪ ሊሆን ስለሚችል ስካን ያስፈልጋታል።

ነርስ፣ ከወልድያ፦
አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያሽርልሽ። የሕንዱ ወረቀት ጠፍቶ ከሆነ ቢያንስ ዓመቱንና የመድኃኒቱን ስም በቅጹ ላይ ሐኪሙ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። ከአዮዲኑ በፊት ካርቢማዞል ወይም ፒቲዩ (የታይሮይድ ሆርሞንን የሚቀንሱ መድኃኒቶች) ትወስድ ከነበረም ይጠቀስ፤ እነዚህም የሴሎችን መልክ ሊለውጡ ይችላሉ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካላት ደግሞ ዳግም ከመወጋቷ በፊት ለሐኪሟ ይነገረው፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤው ስለተገኘ ስላይዱ ዳግም እንዲነበብ አስረክበናል። ምናልባት ዳግም ናሙና ያስፈልጋል ቢሉን ወዲያው ብትወጋ ይሻላል?

ፓቶሎጂስት፣ ከአዲስ አበባ፦
አይሻልም። የመጀመሪያው መርፌ ራሱ መድማትንና የማገገም ለውጥን ትቶ ስለሚያልፍ ሴሎቹን ይበልጥ አሻሚ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ ከጥንት የቆየው ልማድም 3 ወር ያህል መጠበቅ ነው። አልትራሳውንዱ አስጊ ምልክት ካሳየ ግን ሐኪሟ ቀኑን ሊያቀርበው ይችላል። ያን ጊዜ ቅጹን ከመላኩ በፊት አንብቢው።