የነፍሳት በል ተክል ግዢ፦ ሁለተኛ ረቂቅ፣ አስተያየት እስከ ዓርብ

ሰብለ (ጸሐፊ)፦
የመጀመሪያውን ረቂቅ ያላነበባችሁ ይሄንንም አታነቡትም፣ ስለዚህ ባጭሩ። ኔፔንቴስ ቬንትራታ እንገዛለን፤ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ክዳን ያለው ጆግ የሚያወጣ፣ በጆጉ ነፍሳት የሚያጠምድ ተክል ነው። 30 ችግኝ። 22ቱ ለ22 አባል፣ 8ቱ ለባዛሩ ጠረጴዛ። ከካዝና 40 ሺህ ይወጣል፣ እያንዳንዱ አባል 1,500 ብር ይጨምራል። ቬንትራታ የተመረጠው ቻይ ስለሆነ ነው። ሁለት የፊሊፒንስ ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ ነው፤ ቀን ሞቅ ማታ ቀዝቀዝ የሚለው የሐዋሳ አየር አይከብደውም። ችግኞቹ በላብራቶሪ የተባዙ ናቸው፣ በተዘጋ ጠርሙስ ነው የሚመጡት። ባነሩ ላይ «ነፍሳት በል ተክል በሐዋሳ» ይላል። ማርታ ዲዛይኑን ይዛዋለች። ከዓርብ በኋላ «አልሰማሁም» የለም።

ጋሽ በቀለ፦
መጀመሪያ የኦርኪዱ 800 ብሬ ይመለስ። ስለ 1,500ው ከዚያ እናወራለን።

ሰብለ፦
ጋሼ፣ የኦርኪዱ ጉዳይ በጉባኤ ተዘግቷል።

ጋሽ በቀለ፦
እናንተ ዘንድ ተዘግቷል። እኔ ኪስ ውስጥ ክፍት ነው።

ናሆም፦
ረቂቁ ውስጥ ውኃ የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ። ይሄ ተክል የሚሞተው በውኃ ነው። በማነስ አይደለም፣ በዓይነቱ። ሥሩ ማዕድን አይችልም። በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች የተሟሟ ጨው ያለው ውኃ ነው የሚስማማው። የቤቴን ቧንቧ በመለኪያ አየሁት፣ ከዚያ በጣም ያልፋል። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድማ ፍሎራይዱ ጥርሳችን ላይ ተጽፏል። ማፍላት አይረዳም፤ ውኃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የታሸገውም ማዕድን አለበት። ያለን የዝናብ ውኃ ነው። ማን ያጠራቅም? የት?

እትዬ ጥሩወርቅ፦
ሰብለ፣ «ነፍሳት በል» ምንድን ነው? ነፍስ የሚበላ? እኔ እንዲህ ከሚል ባነር ሥር ቆሜ አበባ አልሸጥም። የንስሐ አባቴ በዚያ ያልፋሉ።

ማርታ፦
እትዬ፣ ነፍሳት ማለት ዝንብ፣ ጉንዳን፣ ትንኝ ማለት ነው። በትምህርት መጽሐፍም እንዲሁ ነው የሚጻፈው።

እትዬ ጥሩወርቅ፦
የትምህርት መጽሐፍ ባዛር አይመጣም። ባዛር የሚመጣው ሰው ነው። ነፍሳት ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የሞተበት ነው።

ዳንጊሶ፦
«ሥጋ በል» በሉትና ገላግሉን።

ማርታ፦
በዐቢይ ጾም? ባዛሩ እኮ ጾሙ መሐል ነው።

አብዲ፦
የእናንተ ጾም እኔን አይመለከተኝም፣ ግን «ሥጋ በል» ካላችሁ ሰው «ኪሎው ስንት ነው» እያለ ነው የሚመጣው። ሰብለ፣ ተክሉን ከውጭ የምናስገባበትን የፈቃድ ወረቀት ለኔ ተይው። በየሳምንቱ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ።

ሰብለ፦
ተመዝግቧል። ፈቃድ፦ አብዲ።

ናሆም፦
አብዲ፣ ከመሄድህ በፊት ይህን አንብብ። ኔፔንቴስ በሙሉ ሳይተስ ውስጥ ነው ያለው፣ ማለትም በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት። ኢትዮጵያ ከ1989 ጀምሮ አባል ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የኛው ዓይነት ሁለተኛው ዝርዝር ላይ ነው፣ በፈቃድ የሚነገደው። በላብራቶሪ በቅሎ በንጹሕ የታሸገ ጠርሙስ ከመጣ ከሳይተስ ወረቀት ነፃ ነው። ከዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ግን ነፃ አይደለም። ኦርኪዱን የበላን ይቺ ወረቀት ናት። ሰርተፊኬቱ እስኪመጣ ተክሉ ኤርፖርት ውስጥ ደረቀ።

ጋሽ በቀለ፦
በኔ 800 ብር ደረቀ።

ሄኖክ፦
ገንዘብ ካወጣን አይቀር ለምን ትልቁን አንገዛም? ራጃ የሚባል አለ። አይጥ የሚይዘው። ቪዲዮውን ልላክ?

ናሆም፦
አትላክ። ራጃ የቦርኒዮ ተራራ ተክል ነው፣ ኪናባሉ ላይ። ጆጉ ከ3 ሊትር በላይ ይይዛል፣ እውነት ነው። ግን አንደኛው ዝርዝር ላይ ነው፣ ከዱር የተነቀለውን መነገድ አይቻልም። ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ አየሩም ዓመቱን ሙሉ እርጥብ መሆን አለበት። የሐዋሳ በጋ ደረቅ ነው፣ ለሱ አይሆነውም። የአሜሪካውን ሳራሴኒያም የሚያነሳ ካለ አሁኑኑ ይተወው። በየዓመቱ ወራት የሚቆይ የክረምት ብርድ ካላገኘ አያርፍም። እዚህ ከየት እናመጣለታለን? ፍሪጅ ውስጥ?

ሄኖክ፦
እሺ ዘሩን እንዝራ። ይረክሳል።

ናሆም፦
ያንተ ዘር ምን ሆነ?

ሄኖክ፦
ቃሪያ ሆነ።

ናሆም፦
አያችሁ። የኔፔንቴስ ዘር እንደ ክር የቀጠነ ነው፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ይሞታል። በፖስታ የሚላክ ድብልብል ዘር ሁሉ ውሸት ነው። ሰማያዊ ጆግ ያለበት ፎቶም እንዲሁ። አሁን ወደ ውኃው።

እትዬ ጥሩወርቅ፦
ወደ ስሙ እንመለስ። «የእንስራ ተክል» ምን ይለዋል? እንስራ ነው የሚመስለው።

ዳንጊሶ፦
እንስራ ክዳን የለውም። ይሄ ክዳን አለው።

ሄኖክ፦
ጆግ ተክል።

እትዬ ጥሩወርቅ፦
ጆግ የሆቴል ነው።

ማርታ፦
ጀበና ተክል? ለቡና አገር ይሄዳል።

ዳንጊሶ፦
ጀበና አንገት አለው። ይሄ አፉ ሰፊ ነው። ገንቦ በሉት።

እትዬ ጥሩወርቅ፦
ገንቦ ከእንስራ በምን ይለያል ታዲያ? አንተ ውኃ ቀድተህ ታውቃለህ?

ዳንጊሶ፦
እናቴ ስትቀዳ አይቻለሁ።

ጋሽ በቀለ፦
እኔ 31 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አንድ ነገር ልበል። ኔፔንቴስ የግሪክ ቃል ነው። «ሐዘን የሌለበት» ማለት ነው። ሊኒየስ የሚባለው ሳይንቲስት ስሙን የወሰደው ሐዘን ከሚያስረሳ መጠጥ ነው። ስለዚህ «ሐዘን አስረሺ» ቢባል ከሁሉም ይሻላል።

አብዲ፦
ጋሼ፣ እሱ ጠጅ ነው።

ጋሽ በቀለ፦
ለቁም ነገር ቀልድ አትመልስ!

ማርታ፦
በስም ላይ ሁለት ቀን አለፈ። ልንገራችሁ፣ ባነሩ ታትሟል። ከኪሴ 3,200 ብር ከፍያለሁ። «ነፍሳት በል ተክል በሐዋሳ፦ ቢምቢ ደህና ሰንብት» ይላል።

ሰብለ፦
ማን ፈቀደልሽ? ረቂቅ እኮ ነው።

ማርታ፦
ረቂቁ ላይ ስሙ ተጽፏል። ዲዛይን ጀምሪ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

ሰብለ፦
ጀምሪ አልኩ፣ አትሚ አላልኩም።

ናሆም፦
ቢምቢ?! ማርታ፣ ይሄ ተክል ቢምቢ አያጠፋም። አፉ ጠርዝ ላይ ጣፋጭ ነገር ያወጣል። ጠርዙ ሲረጥብ ያዳልጣል። በብዛት የሚወድቅበት ጉንዳን ነው። በአገሩ ደግሞ የቢምቢ ዕጭ ጆጉ ውስጥ ይራባል፣ ፈሳሹ ምንም አይለውም። ወባ ባለበት ከተማ እንዲህ ብለን ሸጠን ሰው አጎበሩን ቢያወርድስ?

ማርታ፦
ነገሬ ሁሉ ስህተት ነው ማለት ነው። ይሁን። ባነሩንም እኔንም ተዉን። ከባዛር ኮሚቴው ወጥቻለሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ፦
ማርታዬ፣ በስሙ እንጂ ባንቺ አልተቆጣሁም። ቅዳሜ ቡና እኔ ጋ ነው። አትቅሪ።

ማርታ፦
3,200ው ካልተመለሰ አልመጣም።

ጋሽ በቀለ፦
ወረፋ ያዢ። ከ800ው ቀጥሎ ነሽ።

ዳንጊሶ፦
አንድ ነገር ጠይቄ ልሂድ። አፈሩ ምንድን ነው?

ናሆም፦
በመጨረሻ ደህና ጥያቄ። የአትክልት አፈር ክልክል። ፍግ ክልክል። ማዳበሪያ ሥሩን ያቃጥለዋል። ስፋግነም የሚባል የደረቀ የድንጋይ ሽበት ዓይነት ተክል (ሞስ) ነው፣ ከውጭ ይመጣል። ከሱ ጋር ውኃ የማይቋጥር ቀላል ድንጋይ ይደባለቃል። ፈረንጆቹ ፐርላይት ይጠቀማሉ፣ እኛ ግን ፑሚስ አለን።

ዳንጊሶ፦
ብሎኬት የምንሠራበት ፑሚስ? ግቢዬ ውስጥ ክምር አለ። በነፃ ውሰዱ።

ናሆም፦
በወንፊት ነፍተን፣ አቧራው እስኪጠራ አጥበን። በዝናብ ውኃ።

ሄኖክ፦
የሐይቁ ውኃስ? ፍቅር ሐይቅ ወርዶ በጀሪካን መቅዳት ነው።

ናሆም፦
ሐይቁ መውጫ የለውም። የገባው ማዕድን የት ይሄዳል? እዚያው ነው ያለው።

ሄኖክ፦
የመኪና ባትሪ ውኃስ?

ናሆም፦
የተጣራው ይሆናል። አሲድ ያለበትን ካመጣህ ግን ድንኳኑንም አብረህ ተከራይ።

ዳንጊሶ፦
የብሎኬቱ መጋዘን ጣራ 40 ካሬ ነው። ቆርቆሮ። አሸንዳም አለው። ሮቶ ብቻ ነው የጎደለው።

ናሆም፦
ተመስገን! 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሊትር ነው። በ40 ካሬ ላይ 10 ሚሊ ቢዘንብ 400 ሊትር። የመጀመሪያው ውኃ አቧራ ስላለበት ይደፋል። ለአንድ ተክል በሳምንት 1 ሊትር ብንይዝ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ለ30ው 500 ሊትር ገደማ ነው። ባለ 1,000 ሮቶ ይበቃል።

እትዬ ጥሩወርቅ፦
1,000 ከገዛን 2,000 አይሻልም? ለጽጌረዳውም ይሆናል። የኔ ግቢ ቧንቧ በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

ሄኖክ፦
እውነት ነው። ለችግኝ ጣቢያውም ይሆናል።

ዳንጊሶ፦
2,000 ከሆነ ማስቀመጫው ሲሚንቶ ይፈልጋል። 2 ቶን ውኃ በጭቃ ላይ አይቆምም። ብሎኬቱን እኔ እችላለሁ፣ ሲሚንቶ ግን ማኅበሩ።

ሰብለ፦
ቆይ። ሮቶው፣ ቧንቧውና ሲሚንቶው ከካዝናው ከግማሽ በላይ ይወስዳሉ። ተክሉስ?

እትዬ ጥሩወርቅ፦
ተክሉን ቀንሱት። ለሙከራ ስድስት ይምጣ።

ናሆም፦
በስድስት ጠርሙስ እቃወማለሁ። ከጠርሙስ የወጣ ችግኝ እርጥበት ለምዷል። ወደ ቤት አየር ቀስ በቀስ ካልወጣ ይጠወልጋል፣ ከስድስት ሁለት ሊተርፍ ይችላል። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ቅጠል ያወጣል፣ ጫፉ ላይ ያለው ጆግ ግን ሳይነፋ ይደርቃል። ከዚያ «ተታለልን» ትላላችሁ።

ጋሽ በቀለ፦
ለሮቶው ድምፄን እሰጣለሁ። ሮቶ ኤርፖርት ውስጥ አይደርቅም።

ሰብለ፦
አብዲ፣ የፈቃዱ ፎርም የት ደረሰ?

ሰብለ፦
አብዲ?

ሄኖክ፦
አዲስ አበባ ነው። ስልኩ ዝግ ነው።

ሰብለ፦
እሺ። ሦስተኛ ረቂቅ። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ዳንጊሶ ግቢ። ሲሚንቶ ከማኅበሩ። ስፋግነም አንድ ከረጢት። ቬንትራታ ስድስት፣ ፈቃዱ ከተገኘ። የአባላት መዋጮ ከ1,500 ወደ 600 ወርዷል። ባዛሩ ላይ ጽጌረዳና ጄራኒየም እንሸጣለን። ስሙ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

እትዬ ጥሩወርቅ፦
«የእንስራ ተክል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ።

ዳንጊሶ፦
ገንቦ።

ማርታ፦
ባነሩስ?

ዳንጊሶ፦
ሲሚንቶው ዝናብ እንዳይነካው አምጪው፣ እሸፍንበታለሁ። ጽሑፉን ወደ ታች አድርጌ።

እትዬ ጥሩወርቅ፦
ወደ ታች ይሁን። አደራ።

ዳንጊሶ፦
ሮቶው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ይመጣል። ከመኪና የሚያወርድ አራት ሰው እፈልጋለሁ።

ሄኖክ፦
ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ።

ጋሽ በቀለ፦
እኔን ወገቤን።

ናሆም፦
እኔ አለሁ። መለኪያዬንም ይዤ እመጣለሁ።

ዳንጊሶ፦
አራት ሰው ነው ያልኩት።