«ጽላት» ነው «ሰሌዳ»? የሃካዎች የአያቶች አዳራሽ በአማርኛ

ሐረገ ወይን፦
«ሃካ» ቃሉ ራሱ «እንግዳ ቤተሰብ» ማለት ነው፤ ከሰሜን ቻይና ወደ ጓንግዶንግ፣ ፉጂያንና ጂያንግሺ ተራሮች በየዘመኑ የወረዱ ሰዎች ናቸው። በአያቶቻቸው አዳራሽ የሚቆመውን፣ የሟቾች ስም የተጻፈበትን እንጨት «ጽላት» ብሎ መተርጎም ይሄዳል ትላላችሁ?

ሰምና ወርቅ፦
አይሄድም እኅቴ። ጽላት ሲባል አማርኛ አንባቢ የሚያስበው ታቦትን ነው፤ ተሸፍኖ በመንበር የሚኖር፣ ምእመን የማያየው። የሃካው እንጨት ግን እንዲነበብ የቆመ ነው። «የስም ሰሌዳ» ይበቃዋል። ሌሎች ቻይናውያን ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ሟች ለብቻው ሰሌዳ ያቆማሉ፤ ሃካዎች የብዙ ትውልድ ባልና ሚስት ስም በአንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ መደርደር ይወዳሉ። እነሱ «አኩንግፖ» ይሉታል፣ ወንድ አያትና ሴት አያት እንደማለት። ስለዚህ «አያቶች» እንበል። «መናፍስት» ካልን የዛር ቤት አስመሰልነው።

ፊደል ገበታ፦
ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሕፈት ላክልበት። ጸሐፊው ፊደላቱን ከላይ ወደ ታች «ልደት፣ እርጅና፣ ሕመም፣ ሞት፣ መከራ» እያለ ይቆጥራል፤ አምስቱ ሲያልቁ እንደገና ከልደት ይጀምራል። የመጨረሻው ፊደል በልደት ወይም በእርጅና ላይ መውደቅ አለበት። 11 ወይም 12 ፊደል ደህና ነው፤ 9 ከሆነ ሞት ላይ ያርፋል። ያኔ ስሙ አይነካም፣ የማዕረግ ቃል ይጨመራል ወይም ይቀነሳል።
ሌላም አለ። በቻይንኛ «ንጉሥ» የሚለው ፊደል አናቱ ላይ ነጥብ ሲያርፍበት «ባለቤት፣ ጌታ» ይሆናል፤ የእኛ «ሰ» አናቱ ላይ ሰረዝ ሲያገኝ «ሸ» እንደሚሆነው። ሰሌዳው ሲጻፍ ያቺ ነጥብ ትቀራለች። በሥርዓቱ ዕለት የተከበረ ሰው በቀይ ቀለም ብሩሽ ጠብ ያደርጋታል። ነጥቧ እስክታርፍ ድረስ ሰሌዳው ተራ እንጨት ነው። ይህን «መቀደስ» አትበሉት፤ «ነጥብ ማሳረፍ» ቢባል ሥራውን በትክክል ይናገራል።

ሐረገ ወይን፦
አዲስ ሟች ከአያቶቹ ጋር የሚቀላቀለው መቼ ነው? «ተዝካር» እንበለው?

ሰምና ወርቅ፦
«ሙት ዓመት» ነው የሚገጥመው፤ በታይዋን ሃካዎች ዘንድ ዓመቱ ሲሞላ ነውና። እስከዚያ ሟቹ የወረቀት ሰሌዳና የራሱ የሰንደል ዕቃ ይኖረዋል። በዕለቱ ወረቀቱ ይቃጠላል፣ ከዕቃው አመድ ቆንጠር ተደርጎ በአያቶቹ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል፣ ስሙም በትልቁ ሰሌዳ ይገባል። ስህተት የሚመጣው ከአቆጣጠር ነው። የጨረቃው አቆጣጠር በየሁለት ሦስት ዓመቱ ጭማሪ ወር አለው፤ እሱ በመካከል ከገባ ሙት ዓመቱ አንድ ወር ቀድሞ ይደረጋል።
«ሰንደል» ማለቴን ልብ በሉልኝ። «ዕጣን» ካልን አንባቢው ሙጫና ጽና ያስባል።

ፊደል ገበታ፦
«ርስት» የሚለውም ያደናግራል። ለመሥዋዕቱና ለአዳራሹ ጥገና ወጪ የሚሆን የጎሣ መሬት ነበራቸው፤ ኪራዩ ለልጆች ትምህርት ጭምር ይውል ነበር። የእኛ ርስት ግን በእናትም በአባትም ይጠየቅ፣ በተወላጆች መካከልም ይከፋፈል ነበር። የእነሱ በወንድ መስመር ብቻ ይሄድ ነበር፣ እንዲከፋፈልም አይፈለግም ነበር። «የማይከፈል የአያቶች መሬት» ብሎ መዘርዘር ይሻላል፣ ቢረዝምም።

ሐረገ ወይን፦
የሆንግ ኮንጉ ሳም ቱንግ ኡክስ?

ፊደል ገበታ፦
የቻን ጎሣ በ1786 እ.ኤ.አ. በጹን ዋን የሠራው ቅጥር መንደር ነው፤ ከ1987 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። ስሙ «ባለ ሦስት የጣሪያ አግዳሚ ቤት» ማለት ነው። ሦስቱ አዳራሾች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተከታትለው ቆመዋል፣ የአያቶቹ የመጨረሻው ነው። በርካታ ተርጓሚ ግን «አዳራሽ» እያለ ሦስቱንም አንድ ያደርጋቸዋል። መግቢያው፣ መሰብሰቢያው፣ የአያቶች አዳራሹ ተብለው ቢለዩ ምን ነበረበት?

ሰምና ወርቅ፦
አንድ ልጨምር። በብዙ የሃካ አዳራሽ ከሰሌዳው ጠረጴዛ ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ለመሬቱ ጠባቂ ለ«ሊዩንግ» ትንሽ ቦታ አለ፤ የራሱ የሰንደል ዕቃም አለው። መዝገበ ቃላት «ዘንዶ» ይለዋል። አማርኛ አንባቢ ግን ዘንዶን የሚያውቀው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ሥር ወድቆ ነው። እነሱ ዘንድ ዝናብና በረከት የሚያመጣ፣ የቤቱን መሬት የሚጠብቅ ነው። «ሊዩንግ» ብለን እንተወው፤ ከሥሩ አንድ መስመር ማብራሪያ ይግባለት።