ጥቆማ፦ የጋራዥ ፕሮፎርማ ሲያስደነግጥ ሁለተኛ ምርመራ የት ይደረጋል?

‹ሞተሩ መውረድ አለበት› ወይ ‹ካምቢዮው አልቆለታል› ተብላችሁ የዋጋ ወረቀት ይዛችሁ ግራ ለገባችሁ ሁሉ፣ እስቲ ያሉትን አማራጮች እኔ እንደሚታየኝ ላወዳድርላችሁ፣ የምትጨምሩት ካለ ከስር ጨምሩበት።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪስ ክተቱት። ብዙ ሰው ሁለተኛ ጋራዥ የሚሄደው ፕሮፎርማውን ይዞ ‹እነዛ ይሄን ያህል ብለውኛል፣ እናንተስ በስንት ትሰሩልኛላችሁ› እያለ ነው፣ ይሄ እኮ ዋጋ ማከራከር ነው እንጂ ሌላ ምርመራ አይደለም። ሁለተኛው ሰውዬ ያንኑ ዝርዝር ትንሽ ቀነስ አርጎ ይጠራላችኋል፣ እናንተም ያልተበላሸ ዕቃ በቅናሽ ቀይራችሁ ደስ ብሏችሁ ትሄዳላችሁ። ምልክቱን ብቻ ንገሩት፦ ጠዋት ስትነሳ ትንቀጠቀጣለች፣ ዳገት ላይ ሙቀቷ ይጨምራል፣ ሁለተኛ ማርሽ ስትይዝ ትመታለች። የመጀመሪያው ምን እንዳለ ቢጠይቃችሁም ‹አንተ መጀመሪያ እየው› በሉት።

ሌላው፣ ከመጀመሪያው ጋራዥ ሳትወጡ ‹የቼክ ኢንጂን መብራቷን ላጥፋልህ› ካሏችሁ እንቢ በሉ። ኮዱ (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበው የብልሽት ቁጥር) ሲጠፋ ፍሪዝ ፍሬም የሚባለው መረጃም አብሮ ይጠፋል፣ ችግሩ ሲፈጠር ሞተሩ ስንት ዙር ላይ ነበር፣ ሙቀቱ ስንት ነበር፣ ፍጥነቱ ምናምን የሚለው ማለት ነው፣ ለሚቀጥለው መካኒክ ግማሹን ስራ የሚያቀልለት እሱ ነው። ብዙ መኪና ላይ የባትሪ ገመድ መንቀልም ያው ነው የሚያረገው። ‹ማሽኑ ሴንሰር ነው አለ› የሚል መልስ ደግሞ አትቀበሉ፣ ኮዱ ቁጥር አለው፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት።

አሁን የት ይኬዳል ወደሚለው ስንመጣ፣ የመኪናው ወኪል ጋራዥ ለምርመራ አሪፍ ነው ለጥገና ግን ኪስ ይጎዳል። የፋብሪካው ስካነር (ኮዱን የሚያነበው ማሽን) ስላላቸው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያረገው)፣ የኤርባግና የካምቢዮ ኮምፒውተር ውስጥ ገብተው ያነባሉ፣ በሻንሲ ቁጥር ለሞዴላችሁ የወጣ ሪኮል (ፋብሪካው የራሱን ጉድለት ለማስተካከል የሚያወጣው ጥሪ) ካለም ያዩላችኋል፣ ያንን ሳታጣሩ ከኪሳችሁ እንዳታወጡ። ክፋታቸው ከፍቶ ከመጠገን ሙሉውን ክፍል ነቅሎ አዲስ መግጠም ይቀናቸዋል። ስለዚህ የምርመራውን ብቻ ከፍላችሁ ውጤቱን በጽሁፍ ተቀብላችሁ ውጡ፣ ምንም ነውር የለውም።

እኔ አንደኛ የማረገው ግን የናንተን ብራንድ ብቻ የሚሰራ ስፔሻሊስት ነው። ያንን ሞተር በየቀኑ ስለሚያየው የትኛው ሞዴል ምን በሽታ እንዳለበት ገና ድምጹን ሲሰማ ያውቀዋል። ግን ተጠንቀቁ፣ የብራንድ ስፔሻሊስትና የዕቃ ስፔሻሊስት ይለያያሉ፣ ኑሮው ካምቢዮ ማደስ የሆነ ሰው ጋ ሄዳችሁ ‹ካምቢዮህ ደህና ነው ዘይቱን ብቻ ቀይር› እንዲላችሁ መጠበቅ ትንሽ ከባድ ነው (የሚሉ ሃቀኞች አሉ፣ አልካድኩም)። እዛ የሚኬደው ችግሩ ካምቢዮ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ሁሉን የሚሰራ የሰፈር ጋራዥ ለፍሬን፣ ለካንዴላ፣ ለኩሽኔታ፣ ለማርሚታ ይበቃል፣ የእጅ ዋጋውም ቀለል ይላል፣ ለኤሌክትሮኒክስ ግን ስካነሩንና ሰውየውን አይታችሁ ነው። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ቤት ድረስ መጥቶ ስካን የሚያረግ ባለሙያ ነው፣ መለዋወጫ ካልሸጠላችሁና ሞተር ካላወረደላችሁ ችግሩን የሚያጋንንበት ምክንያት የለውም።

በራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኘው ኢኤልኤም 327 የምትባል ትንሽ አንባቢ አለች። መሰኪያው ከመሪው ስር አካባቢ 16 ቀዳዳ ያለው ነው፣ አሜሪካ ለሚሸጡ መኪኖች ከ1996፣ አውሮፓ ለሚሸጡ ቤንዚን መኪኖች ከ2001 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ገበያው ላይ ኮፒዋ ሞልቷል፣ አንዳንዷ ጭራሽ አትገናኝም፣ የምትሰራዋም አብዛኛውን ጊዜ የሞተሩን ኮድ ብቻ ነው የምታነበው። ለቼክ ኢንጂን ትበቃለች፣ ለኤርባግ መብራት አትልፉ።

ኮዱን አነበባችሁ ማለት ግን መልሱን አገኛችሁ ማለት አይደለም፣ ትልቁ ብር የሚበላውም እዚህ ጋ ነው። ፒ 0420 የሚባለውን ኮድ ውሰዱ። ‹ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭስ ማጣሪያው) ሞቷል› ተብሎ ይተረጎማል፣ ውስጡ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለበት ደግሞ ዋጋው አናት ያዞራል። ኮዱ የሚለው ግን ‹የማጣራት አቅሙ ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ታየኝ› ነው። የማርሚታ መስመር ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ፣ የኋላው ኦክስጅን ሴንሰር ከደከመ ያው ኮድ ሊመጣ ይችላል። የእውነት ሞቶ ቢሆን እንኳን ‹ምን ገደለው› ብላችሁ ጠይቁ፣ ሞተሩ ዘይት እያቃጠለ ወይ አንዱ ሲሊንደር እየዘለለ ከሆነ አዲሱንም ይገድለዋል። ይሄን ጥያቄ ስትጠይቁት አይኑን የሚያሸሽ መካኒክ ካለ ቁልፋችሁን ተቀበሉት።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ በቴስታታው መሃል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ለሚባልም እንዲሁ። የዘይት መክደኛው ስር ነጭ ክሬም አይቶ የሚፈርድ አለ፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትሄድ መኪና ላይ እርጥበት ብቻውን ያንን ያመጣል እኮ። ቀላል ምርመራ አለው፦ ሞተሩ በቀዘቀዘበት የራዲያተሩ ክዳን ይከፈትና ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘች ቱቦ አፉ ላይ ትቀመጣለች፣ ሞተሩ ተነስቶ ከራዲያተሩ የሚወጣው አየር በፈሳሹ ውስጥ ይሳባል፣ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ከሆነ ቀለሙ ቤንዚን መኪና ላይ ወደ ቢጫ ይለወጣል። አጠገቡ ቆማችሁ በአይናችሁ ታዩታላችሁ። ባይለወጥ መቶ በመቶ ነጻ ናችሁ ማለት አይደለም፣ ግን የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት) ልኬት በየሲሊንደሩ በቁጥር ሳይጻፍ ቴስታታ አታስወርዱ።

ፍሬን ላይ ‹ዲስኩም ይቀየር› ሲሏችሁ ዲስኩ ራሱ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊሜትር አብዛኛውን ጊዜ ተቀርጾበታል፣ በመለኪያ ካሊፐር (የፍሬኑን ካሊፐር ማለቴ አይደለም) ለክቶ ያሳያችሁ። ሸራው አዲስ ሲሆን ከ10 እስከ 12 ሚሊ ገደማ ነው፣ 3 ሚሊ አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል፣ 6 ሚሊ ላይ ሆኖ ‹አልቋል› ካላችሁ ሌላውም የነገራችሁ ነገር መጣራት አለበት።

ዕቃ ላይ፦ ወረቀቱ ላይ ‹ኦሪጅናል› ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተጻፈም፣ የዕቃ ቁጥሩና የአምራቹ ስም ይጻፍ። ዴንሶ፣ አይሲን፣ ቦሽ፣ ኤንጂኬ ለመኪና ፋብሪካዎች ራሳቸው የሚያቀርቡ ናቸው፣ በራሳቸው ካርቶን ስትገዙት የመኪናው ብራንድ ከታተመበት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ችግሩ ፎርጅዱም እነሱኑ ስም ነው የሚለጥፈው፣ ካንዴላና የዘይት ፊልትሮ ላይ በተለይ። የወጣውን አሮጌ ዕቃም እንደምትፈልጉት ከስራው በፊት ተናገሩ፣ በኋላ ‹ተጣለ› ነው የምትባሉት።

↳ መካኒክ ነኝ። ጥሩ ብለሃል ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ሰው መጥቶ ሁለት ሰዓት ያስፈትሸንና ‹አመሰግናለሁ› ብሎ ይሄዳል፣ እኛም ጊዜያችንን ሰጥተን ነው። ምርመራ በነጻ የሚያረግ ጋራዥ ገንዘቡን ከጥገናው ላይ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ የሆነ ነገር ማግኘት አለበት። ሌላው፣ አንዳንድ ነገር ሳይከፈት አይታወቅም፣ ዋጋ ስራው መሃል ስለጨመረ ብቻ ሌባ አትበሉን።

↳ ልክ ነህ ወንድሜ፣ እሱማ መባል ነበረበት። ምርመራውን ለብቻ ክፈሉ፣ ‹እዚሁ ካሰራህ ይቀነስልሃል› ቢሏችሁም አስቀድማችሁ ክፈሉ፣ ነጻነታችሁን ነው የምትገዙት። መሃል ላይ ለሚጨምረው ግን ‹ሳትደውሉልኝ ምንም እንዳትጨምሩ› ብላችሁ ተስማሙ፣ ፎቶም ይላኩላችሁ።

↳ የኔ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ) ናት፣ ፕሪየስ፣ ፒ 0ኤ80 የሚል የባትሪ ኮድ መጥቶባት ሙሉ ባትሪ ቀይሪ ተባልኩ፣ ሌላው ደግሞ የሞተችውን አንዷን ሴል ብቻ እቀይርልሻለሁ አለኝ፣ ማንን ልመን?

↳ እህቴ፣ የሁለተኛውና የሶስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ ውስጥ 28 ሞጁሎች (አንቺ ሴል ያልሻቸው) አሉ፣ እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት። አንዷን ብቻ በሌላ ያገለገለች ሲተኩ ያረጁት 27ቱ እዛው ናቸው፣ ለትንሽ ጊዜ ትሄድና ሌላዋ ትወድቃለች፣ መኪናዋን ለመሸጥ ካላሰብሽ በቀር ብዙም አልመክርሽም። ግን ሙሉውንም ከመቀየርሽ በፊት መኪናዋ ጭነት ላይ ሆና እየተነዳች የሞጁሎቹን ቮልቴጅ በስካነር ያሳዩሽ፣ ከዛ የባትሪው ማቀዝቀዣ ፋን በአቧራ መደፈኑንና የመገጣጠሚያ መዳቦቹ መዛጋቸውን አስፈትሺ፣ መዳቡ ዝጎ ሞጁሉ የሞተ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ብርቱካናማ ገመዶቹን ግን አንቺም ሆንሽ የሰፈሩ ኤሌትሪሺያን እንዳትነኩ፣ በድምሩ ከ200 ቮልት በላይ ነው።